«የለም» የምሥራች የነበረበት ቤት

ንዴቴ ገና አልበረደልኝም። ሐኪሜ «ጋሽ ደምሴ፣ ግፊት አለብዎት፣ አይናደዱ» ይለኛል፤ እሱ ምን አለበት! እኔ ያየሁትን አይቶ ያልተናደደ ሰው በደም ሥሩ የሚዞረው ደም ሳይሆን የቧንቧ ውኃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሽር ጉድ ሲል እኛን ጡረተኞቹንም አስታወሰና የጥሪ ካርድ ላከልን። እኔም ለሠርግና ለቀብር የማወጣትን ግራጫ ሱፌን አጥልቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ጉልበቴን እየለመንኩ ወርጄ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስንቅ ከያዙ የማረሚያ ቤት ጠያቂዎች ጋር ተጣብቄ፣ ሰዓቴን አክብሬ ደረስኩ። አዲሱ ሕንፃ መስተዋት በመስተዋት ነው። ኮሪደሩ ላይ የድሮ ፎቶግራፎች በትልቁ ታትመው ተሰቅለዋል፤ ባለሥልጣን ሲጎበኝ፣ ችግኝ ሲተከል፣ ሪባን ሲቆረጥ። ከነዚያ ሁሉ መሀል ዘነበችን አገኘኋት። የነጭ ጋዋኗን እጅጌ ሰብስባ፣ ከፊቷ ትልቅ የኢናሜል ሳህን አስቀምጣ፣ በቀኝ እጇ እንቁላል ይዛ፣ ፎቶ አንሺው ምን ብሏት እንደሆነ እንጃ፣ ትስቃለች። እኔም አብሬያት ልስቅ ስል ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ የሠራተኞች ክበብ ባልደረባ፣ ለሠራተኛው ቁርስ ስታሰናዳ» ይላል።

ቁርስ! ያን ቁርስ የሚበላው ማን እንደነበረ እንግዶቹ ቢያውቁ ኖሮ በእጃቸው የያዙት ኬክ ጉሮሯቸው ላይ በቆመ ነበር። ያ እንቁላል ይቀርብ የነበረው ለቲቢ ባክቴሪያ ነው። ዘነበች የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበረች፤ እኔና እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሳምባ ነቀርሳን ሊያሸንፍ የሚችል ኬሚካል ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ነን። ወዲያው አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት አገኘሁና «ይህቺን ጽሑፍ የጻፋት ማነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ናትናኤል እባላለሁ፤ ሕዝብ ግንኙነት ነኝ።»

«ይህቺ ሴት እኮ ወጥ ቤት አይደለችም! መድኃኒት ነው ስትፈትን የነበረው!»

«ማኅደሯን አይተን እኮ ነው የጻፍነው» አለኝ፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ አልዋሸም። «የመጨረሻ የሥራ መደቧ የክበብ ሠራተኛ ነው የሚለው። እንዲያውም…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መዝገብ ደልዛ ተቀጥታ ነው ወደ ክበብ የተዛወረችው። ያንን ትተንላት ነው እንጂ። የሚያውቁት ነገር ካለ በጽሑፍ ይስጡንና እናስተካክላለን። የበዓሉ መጽሔትም ገና ማተሚያ ቤት አልገባም።»

በጽሑፍ! ዘነበች ያልሠራችውን ወንጀል ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክማ ስትኖር ማንም ጽሑፍ አልጠየቀም፤ ስሟን ለመመለስ ሲሆን ግን ጽሑፍ ይፈለጋል። ኬኩንም አልቀመስኩ፣ ንግግሩንም አልሰማሁ። እየተነጫነጭኩ ወጥቼ ከባቡሩ ማቆሚያ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማኅደሩ እንዴት እንደዚያ ሊል እንደበቃ ከኔ በላይ የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው የለም።

ያኔ ቤተ ሙከራችን ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ዛሬ ሴራሚክ ይሸጥበታል፤ ባለፈው ዓመት የማልገዛውን ሴራሚክ ዋጋ እየጠየቅሁ ገብቼ ጠረጴዛችን የነበረበትን ጥግ አይቼው ወጣሁ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሳይረን ገብተን በሳይረኑ እንወጣ ነበር፤ ከመሀላችን ሰዓት ያለው ጥቂት ነው። ክረምት ሲገባ የአቃቂ መረሬ ጭቃ ሰውን ጫማ ያስወልቃል፤ ስለዚህ ሁላችንም በኮንጎ ጫማ እየመጣን በር ላይ እግራችንን ታጥበን እንገባለን። እኔ እንኳ ያን ጭቃ በዚያ እግሩ እንደ ቀሚስ በሚሰፋ ሱሪ ነበር የምሻገረው፤ ጎረምሳ አይመከርም። ዘነበች አፍሮዋን እንደ ጎፈር አበጥራ ትመጣና ሥራ ስትጀምር በሻሽ ትሸፍነዋለች። ጋዋናችን አቡጀዲ ነው፤ ገበያው ጥግ ያለ ልብስ ሰፊ ነው የሰፋልን። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ፀጉር ቤት አለ፣ ሬዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም፤ ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ ደግሞ ሻይ ቤት፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም። ያን ቦምቦሊኖ የሚያህል ዛሬ በየትኛውም ካፌ አላገኘሁም፤ ጥርሴም ያኔ ሙሉ ነበር።

እንቁላል ገዢዋ ዘነበች ነበረች። ከገጠር ቀበሌዎቹ የሚመጡት ሴቶች በጭድ የሸፈኑትን ቅርጫት ይዘው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ እሷ «ሀንቃቁ አለ?» እያለች በነሱው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ትጀምርና እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሣች ታያለች። በብር ስምንት፣ በጾም አሥር። ዛሬ በአንድ እንቁላል ዋጋ ያኔ ከመቶ በላይ እንገዛ ነበር ብል የልጅ ልጆቼ ቀባጀረ ይሉኛል። ዘነበች ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዶሮዋንም ጤና ትጠይቅ ነበር። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ መድኃኒቱ ወደ እንቁላሏ ይገባል፤ በዚያ እንቁላል ላይ ደግሞ ባክቴሪያው አይበቅልልንም። «ዶሮሽ መድኃኒት ወስዳለች?» ስትላት አንዲቷ ሻጭ «ኧረ እኔም ወስጄ አላውቅ!» ብላ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀችው። በዐቢይ ጾም እንቁላሉ ሲረክስ እኛ ሥራ ይበዛብናል። ዘነበች ጾመኛ ነበረች፤ በቀን ስልሳና ሰባ እንቁላል ሰብራ፣ መትታ፣ በሻሽ አጥልላ፣ አንዲት ጠብታ ወደ አፏ ሳታደርስ፣ ማታ እጇን በሎሚ አሽታ ኪዳን ትሄዳለች። በጾሙ መዝሙር፣ ከጾሙ ውጪ ዘፈን እያንጎራጎረች ነበር የምትሰብረው፤ ቀን መቁጠሪያ ሳላይ ፋሲካ እንዳለፈ የማውቀው በሷ ድምፅ ነው።

ሥራው ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያልተነገረለት ሥራ ነውና ነው ቁርስ የተባለው። ዶክተር ይልማ የሚባል ኬሚስት ከከተማ ዱቄት ይልክልን ነበር። ዱቄቱ ከቅጠል ወይም ከሥራሥር የተገኘ አይደለም። ሰውየው ኬሚካልን ከኬሚካል እያዋሐደ፣ እያፈላ፣ እያጣራ በተፈጥሮ ያልነበረ ነገር ይሠራል፤ የሠራው ነገር ቲቢን ይጣል አይጣል ግን እሱም አያውቅም። ያንን የምንነግረው እኛ ነን። ዱቄቱን በልክ ከተመታው እንቁላል ጋር እናዋህዳለን፣ አረንጓዴ ቀለም እንጨምርበታለን፣ ለያንዳንዱ ዱቄት በሦስት ትንንሽ የጠርሙስ ቱቦዎች ቀድተን አጋድመን በሙቀት እናረጋዋለን። ቀለሙን በአፋችን ነበር በቀጭን ቱቦ ስበን የምንለካው፤ ዛሬ ይህን የሚያደርግ ሰው በዚያው ቀን ከሥራ ይባረራል። ዘነበች ብዙ ቀን ከንፈሯ አረንጓዴ ሆኖ ቤቷ ገብታለች። ከዚያ በረጋው ላይ ባክቴሪያውን በቀጭን ሽቦ እንቀባና ሙቅ ሣጥን ውስጥ አስገብተን እንጠብቃለን። ቲቢ እንደሌላው ጀርም አይቸኩልም፤ ስድስት ሳምንት ያስጠብቃል። ዛሬ በሁለት ሰዓት የሚናገር መሣሪያ አለ ይሉኛል፤ እኛ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀን መልሱ ሲመጣ ወቅቱ ተቀይሮ ይገኝ ነበር። ባክቴሪያው ከበቀለ አረንጓዴው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ዱቄቱ ተሸነፈ ማለት ነው። አረንጓዴው ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ዱቄቱ አሸነፈ። ከያንዳንዱ ዙር ጋር ዱቄት የሌለበት ቱቦ እናስቀምጣለን፤ «ምስክር» እንለዋለን። ምስክሩ ላይ ባክቴሪያ ካልበቀለ የሌሎቹ ቃል አይታመንም።

መጀመሪያ ላይ ውጤቱን በመደመርና በመቀነስ ምልክት ነበር የምንጽፈው። በኋላ ከላይ መመሪያ ወረደ፤ የባዕድ ምልክት ቀርቶ ሰፊው ሠራተኛ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ ተባለ። ዘነበች አዲስ መዝገብ አወጣች፣ በየገጹ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የበቀለ ባክቴሪያ» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ በየቁጥሩ ፊት ለፊት «አለ» ወይም «የለም»። ጊዜው ደግሞ «የለም» የበዛበት ነበር። የቀበሌ ሱቅ ሄደህ ስኳር ስትል የለም፣ ሳሙና ስትል የለም፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ የለም። ሰው ቃሉን ከመስማቱ በፊት ፊቱን ያጨፈግግ ነበር። በአገሩ ላይ «የለም» ሲባል የሚጨበጨብበት ቤት ያ የኛ የቆርቆሮ ቤት ብቻ ይመስለኛል። ችግሩ ይህንን የምናውቀው እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበርን ሁለት ሰዎች መሆናችን ነው።

የጽሕፈት ቤት ኃላፊው አቶ ጌጡ ይባላል። ካኪ ሳፋሪ ይለብሳል፣ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ ቲቢን ደግሞ ከአምላኩ በላይ ይፈራል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። መዝገቡን በመስኮት ነበር የምናቀብለው፤ እሱ በመሀረብ አፍንጫውን ሸፍኖ ይቀበልና በታይፕ ያስገለብጣል። አንድ ቀን ዘነበች በመስኮቱ በኩል «ጋሽ ጌጡ፣ የኛ የለም መልካም ወሬ ነው እሺ?» አለችው። እሱም ሳቀ። «የለም ደግሞ መቼ ነው መልካም ወሬ ሆኖ የሚያውቀው?» አለና መስኮቱን ዘጋው። እኔም ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ያ መስኮት ሲዘጋ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ዶክተር ይልማ በዚያ ዓመት አርባ ዱቄት በጫማ ካርቶን ደርድሮ በቮልሱ ይዞ መጣ። ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ካርቶኑን ሲያስረክበን አሥራ ሰባት ቁጥርን ብቻ አውጥቶ ብርሃን ላይ አሳየን፤ ቢጫ ነው፣ ከጥፍር በላይ አይሆንም። «ይህን ለመሥራት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ። «የተነሣሁበት ኬሚካል አሁን አገር ውስጥ የለም። አደራ።» ዘነበች አደራውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ሣጥኑ በተከፈተ ዕለት እኔ ማጠቢያው ጋ ነበርኩ።

«ደምሴ፣ ና እስቲ» አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። «አሥራ ሰባት የለም።»

«ምን? ጠፋ?»

«አንተ ደግሞ! የለም እኮ ነው የምልህ፣ የለም!»

«ሦስቱም ቱቦ ላይ?»

«ሦስቱም ላይ። ምስክሩን እየው፣ ከአፍ እስከ ገደፉ በቅሏል።»

ቱቦዎቹን ተራ በተራ መስኮቱ ላይ ይዘን አየን። ሠላሳ ዘጠኙ ፍርፋሪ ነው። የአሥራ ሰባት ሦስት ቱቦዎች ግን እንደተቀቡ፣ አረንጓዴ፣ ንጹሕ። ዘነበች አፏን በጋዋኗ ሸፍና እልል አለች። ከዚያ መዝገቡን ገልጣ፣ ከቀዩ ርእስ ሥር፣ በቁጥር አሥራ ሰባት ፊት ለፊት «የለም» ብላ ጻፈች፤ ሁለታችንም ጎን ለጎን ፈረምን።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገራችሁ። አቶ ጌጡ ቀዩን ርእስ ትቶ በታይፕ በተመታው ቅጽ ላይ «ውጤት» የሚል የራሱን ርእስ አኖረበት። ውጤት፦ አለ፣ አለ፣ አለ፣ የለም፣ አለ። ከአርባ ዱቄት ሠላሳ ዘጠኙ ቲቢን የሚገድሉ ሆነው ሪፖርት ተላከ! የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ይባላል፤ ይህኛው ግን ነክሶም ተሸለመ። አዳራሽ ተሞላ፣ ተጨበጨበ፣ የምስጋና ወረቀት በመስተዋት ተለብጦ ተሰጠው። እኛ አልተጠራንም፤ በሽታ ይዛችሁ ትገባላችሁ ተባልን። ከግብዣው የተረፈ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ግን ተላከልን፤ ምን እንደተከበረ ሳናውቅ ጠጣነው።

ዘነበች ከሁለት ሳምንት በኋላ አሥራ ሰባትን በትንሽ መጠን ደግማ ልትፈትን ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደች። ጠርሙሷ የለችም። ግምጃ ቤቱ ምንም አላጠፋም፤ ደብዳቤ አሳያት። ውጤት ያላቸው ሠላሳ ዘጠኙ ለእንስሳት ሙከራ ተጭነው ሄደዋል፣ ውጤት የለውም የተባለው ተቃጥሏል። ጋዋኗን ሳታወልቅ መዝገቡን ታቅፋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ጋሽ ጌጡ፣ ገልብጣችሁታል! የለም ማለት እኮ ባክቴሪያው የለም ማለት ነው! ያሸነፈውን አቃጥላችሁ የተሸነፈውን ላካችሁት!»

«ቀስ» አላት መሀረቡን እያወጣ። «ውጤት የለም ይላል።»

«ውጤት የሚል ቃል ከእጄ አልወጣም። ይዩት፣ በቀይ፣ በየገጹ፦ የበቀለ ባክቴሪያ!»

አቶ ጌጡ መዝገቡን አየ። እኔ ፊቱን አይቻለሁ፤ ገብቶታል። ገጽ ገልጦ ሌላም አየ። ከዚያ መዝገቡን ዘግቶ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተና «ሪፖርቱ ወጥቷል፤ ከላይ ደርሷል» አለ። «ይመለሳ!» አለችው። «የወጣ ሪፖርት አይመለስም» አላት። ይህን ያለው የተማረ ሰው ነው! አገር የሚያስል ሕዝብ ይዞ፣ የአንድን ሰው የዓመት ልፋት አቃጥሎ፣ የሚያሳስበው የወጣ ወረቀት ነው። አሥራ ሰባት መድኃኒት ይሆን ነበር አልልም። ከቱቦ እስከ በሽተኛ አፍ ረጅም መንገድ ነው፤ አብዛኛው ዱቄት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ይህ የሥራው ጠባይ ነው። ግን ተሞክሮ ይውደቅ እንጂ! ሳይሞከር፣ በገዛ ቋንቋችን፣ በሦስት ፊደል ቃል!

በሳምንቱ የሠራተኛ ስብሰባ ተጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ። ክሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዘነበች ስሕተቷን ለመሸፈን ቀዩን ርእስ በኋላ ጨምራ መዝገብ ደልዛለች የሚል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዱ «የመደብ ንቃት ይጎድላታል» ይላል፣ አንዱ «ፀጉሯን ስታበጥር ትውላለች» ይላል። እሷ ግን አላለቀሰችም። ቆማ «ደምሴ ይናገር» አለች። «ስድስት ዓመት አብረን ነው ያነበብነው። ምስክሬ እሱ ነው።» አዳራሹ ዞሮ አየኝ።

እዚህ ላይ ስደርስ ንዴቴን በማን ላይ እንደማሳርፍ ይጠፋኛል። በዋዜማው አቶ ጌጡ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። መሀረቡን ሳያወጣ ሲያነጋግረኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንዱ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩበት ደብዳቤ፣ ሁለተኛው «ቀዩ ርእስ ሪፖርቱ በወጣበት ጊዜ በመዝገቡ ላይ አልነበረም» የሚል ሁለት መሥመር። ሌሎች ሁለት ሰዎች ፈርመውበታል። ፈራሁ፤ ጊዜው የሚያስፈራ ነበር። ሹመቱንም ፈለግሁት፤ ይህም እውነት ነው። ፈረምኩ። ስለዚህ አዳራሹ ዞሮ ሲያየኝ ወለሉን አየሁ። ዘነበች ለአፍታ ጠበቀችኝና ተቀመጠች። በማግስቱ ወደ ክበብ ተዛወረች።

ሠላሳ ዘጠኙ ዱቄቶች ከእንስሳቱ አንዱንም አላዳኑም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ሥራው በዝምታ ተዘጋ። ዶክተር ይልማ አንድ ቀን በዚያችው ቮልስ መጣ፤ እኔ በአዲሱ የኃላፊ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ታይፑን አንብቧል፣ ግን አላመነም። «አሥራ ሰባትስ?» አለኝ። «የለም፣ ዶክተር» አልኩት። በኛ ቋንቋ እውነት ነግሬዋለሁ፤ እሱ በሰማበት ቋንቋ ደግሞ ዋሽቼዋለሁ። አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማስተማር ብቻ ሆነ ሥራው፤ ሲሞት ለቅሶ ሄጃለሁ፣ ለቤተሰቡ ግን ምንም አልተናገርኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ የሚያጠራው ሰው አፉን ዘግቶ ከተቀመጠ በምን ይጠራል!

ፎቶውን ባየሁ በሦስተኛው ቀን አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ የዘነበችን በር አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተችልኝ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ መነጽር አድርጋለች፣ ሰፌድ ላይ ምስር ስትለቅም ነበር። «ደምሴ!» አለች፤ ሳመችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ልቀማዋን ቀጠለች። እኔ ቁጣዬን ዘረገፍኩት፤ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ማኅደሩ።

«ወጥ ቤት ብለው ጻፉሽ እኮ! አንቺን!»

«ታዲያ አይደለሁም?» አለችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት የበላኸውን ሽሮ ማን የሠራው መስሎህ ነው?»

ሰፌዱ ላይ አፈጠጥኩ።

«እኔ ጭልፋ ይዤ፣ አንተ ሳህን ይዘህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀና ብለህ አላየኸኝም። ሰው ማብላት ምን ያሳፍራል ደምሴ? አላፈርኩበትም። ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። እኔን ያሳፈረኝ ደልዛለች መባሌ ነው። እናቴ ያንን ሰምታ ነው የሞተችው።»

«እሱን ነው እኮ የምጽፈው!» አልኩ። «ጌጡ እንዴት አድርጎ…»

«ጌጡን ተወው፤ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር።» አንዲት ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ወረቀቷ ላይ ሦስት ፊርማ አለ። ሁለቱን አላውቃቸውም። ሦስተኛውን ግን ስድስት ዓመት ከፊርማዬ ጎን ሳየው ኖሬያለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አንብበው ከሥሩ አስፈርመውኝ እኮ ነው የቀጡኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ያን ጊዜ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «እኔ ነኝ የምነግርህ?»

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሺም እንቢም አላለችኝም። በር ድረስ ሸኘችኝና «መጻፉን ጻፍ» አለችኝ። «ብቻ ጌጡ ጌጡ እያልክ ገጹን እንዳትሞላው።»

እነሆ ከላይ እንዳነበባችሁት እንኳ ገጹን በጌጡ ሞልቼዋለሁ፤ ልማድ ክፉ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ያስገባሁት ግን አንድ ገጽ ናት። ዘነበች ቴክኒሻን እንደነበረች፣ በፎቶው ላይ የምትሰብረው እንቁላል ለምን እንደሆነ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ምን እንደደረሰበት፣ ከዚያም በክበብ በክብር እንደሠራች ጻፍኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ «ቀዩ ርእስ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነበረ። አልነበረም ብዬ በሐሰት የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ በዚያም ፊርማ ተሹሜበታለሁ።» ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ናትናኤል እዚያው ፊቴ ቆሞ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ያሽከረክር ጀመር።

«ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው። እናስተካክላለን፣ መጽሔቱም ላይ ይወጣል። ግን… ይቺን የመጨረሻዋን ብናስቀራትስ? ለእርስዎ ብዬ ነው። በዓል ነው፣ ቤተሰብም ያነበዋል።»

«እሷን ካስቀረሃት» አልኩት፣ «ሌላውንም አታውጣው።»